የአይማና የገለጉ ውሃ፦ ስለ አልጣሽ ስናወራ የማናነሣው ጉዳይ

የአዘዞዋ (ርዕሱን የከፈተች)

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ርዕስ የከፈትሁት ስለ አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ እንድንነጋገር ነው። ጎንደር ውስጥ ስለ ስሜን ተራሮች ብትጠይቁ ዋልያውን፣ ጭላዳውን፣ ቀይ ቀበሮውን የማያውቅ የለም። ቋራ ቆላ ውስጥ የተንጣለለውን አልጣሽን ግን እዚሁ ከተማችን ውስጥ ስሙን እንኳ ያልሰሙ ብዙ ሰዎች አሉ። የሚያነሣው ሲገኝም የሚያነሣው በአንበሳው ነው። በ2008 ዓ.ም. ቦርን ፍሪ ፋውንዴሽን ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ያደረገው አሰሳ ውጤት ይፋ ሲሆን፣ በካሜራ የተነሡት አንበሶች ወሬ ዓለምን ዞረ። በአልጣሽ በኩል ከ27 እስከ 54፣ ድንበር ከሚጋራው ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር ሲደመር ከ100 እስከ 200 አንበሶች ሊኖሩ እንደሚችሉ ተገመተ። ያኔም ደስ ብሎኛል፤ ዛሬም ደስ ይለኛል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ውሃው ነው። ፓርኩ በ1998 ዓ.ም. በክልሉ መንግሥት ደንብ ሲቋቋም ወደ 2,665 ካሬ ኪሎ ሜትር ተከልሎለታል። በውስጡና በዳርቻው አይማ፣ ገለጉና አልጣሽ የሚባሉ ወንዞች ይወርዳሉ፤ ድንበር ተሻግረው ዲንደርን ይመግባሉ። ከእነርሱ በስተሰሜን ያለው ሽንፋ ደግሞ ሱዳን ሲገባ ራሃድ ይባላል። ዲንደርም ራሃድም መጨረሻቸው ዐባይ ነው።

ሁለቱ ወንዞች ከዐባይ ጋር የሚገናኙት ሱዳን ውስጥ፣ ከሰናር በታች ነው። ስለዚህ ውሃቸው በሕዳሴ ግድብ በኩል አያልፍም። ባለፉት ዓመታት ስለ ገባር ወንዞች ስንናገር፣ ስለ ደለል ስንናገር፣ ስለ ተፋሰስ ልማት ስንናገር ዓይናችን ሁሉ ያረፈው ግድቡ ላይ ነበር። ይህ አያስወቅስም፤ ሁላችንም ያዋጣንበት ነው። ነገር ግን ከግድቡ ውጭ የሚወርደው የጎንደር ቆላ ውሃ ጠያቂ አጣ። ወንዙ ላይ የእኛ ተርባይን ስለሌለ የወንዙ ምንጭ ሊጠበቅ አይገባውም?

አልጣሽን በውሃው በኩል ብናስበው ለአንበሳውም፣ ለሰሊጥ አምራቹም፣ ለአርብቶ አደሩም የሚበጅ መንገድ እናገኛለን ብዬ አምናለሁ። የምታውቁ አካፍሉን፤ በተለይ ከቋራ፣ ከአለፋና ከጣቁሳ ያላችሁ።

ደልጊ

አለፋንና ጣቁሳን ስለጠራሽ አመሰግናለሁ። እኛ ዘንድ ዝናብ ሲዘንብ አንዱ ጎን ወደ ጣና፣ ሌላው ጎን ወደ ቋራ ቆላ ይወርዳል። ወደ ጣና የሚወርደው ጠያቂ አለው፤ የሐይቁ ዙሪያ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ወደ ምዕራብ የሚወርደውን ግን ዞር ብሎ ያየው የለም። እርከኑ ሳይቀር በሐይቁ በኩል ባለው ተዳፋት ይበዛል።

ጡረተኛው መሐንዲስ

ልጄ፣ ጥያቄሽ ተገቢ ነው። ከመነሻው ግን አንድ ነገር እናጥራ፤ አልጣሽ ውሃውን አይፈጥረውም። የዲንደር ውሃ አብዛኛው የሚመጣው ከጣና በስተምዕራብ ካለው ደጋና ወይና ደጋ ነው። ፓርኩ ያረፈበት መሬት ከባሕር ወለል በላይ ከ500 እስከ 900 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ አብዛኛው ሜዳማ የሆነ ቆላ ነው። ዲንደር ከሰኔ እስከ ኅዳር ይፈሳል፤ በዓመት በአማካይ ወደ 3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያወርዳል፤ ራሃድ ደግሞ ወደ 1 ቢሊዮን። ከዚያ ሁለቱም ይቋረጣሉ። የሚቀረው በየጉድባው የተቋጠረ ኩሬና ከአሸዋው ሥር የተደበቀ ውሃ ነው።

ታዲያ ቆላው ሥራው ምንድን ነው? የወረደውን ይይዛል። በበጋ የወንዙ ወለል አሸዋ የቆላው እንስራ ነው፤ ሰውም ዝሆንም አሸዋውን ጭሮ ውሃ ያገኛል። ይህ የሚሆነው ግን አሸዋው አሸዋ ሆኖ ሲቆይ ነው። ከላይ የታጠበ ጭቃ መጥቶ ሲደፍነው ውሃው መስረጉን ትቶ ከላይ ይነጉዳል። የወንዙን ዳር የያዙት ዛፎች ሲቆረጡ ዳርቻው ይናዳል፤ ወንዙ ይሰፋል፤ ኩሬው ጥልቀቱን ያጣል፤ ፀሐይም በወራት ፋንታ በሳምንታት ትጨርሰዋለች።

ስለ ደለል የሚጠራጠር የጎንደር ሰው አንገረብን ይመልከት። የከተማችን የመጠጥ ውሃ ግድብ ከታሰበለት ዕድሜ ቀድሞ የደለል ማጠራቀሚያ የሆነው ከበላዩ ያለው ተዳፋት ስለተራቆተ ነው። እዚያ ግድብ ስላለ አየነው፤ ለካነውም። በአይማና በገለጉ ላይ ግን ያው አፈር ሲሄድ የሚያጠራቅምልን ግድብ ስለሌለ ጉዳቱ አይታየንም።

ሌላም ልጨምር። ሳቫና፣ ማለትም ዛፍ ጣል ጣል ያለበት የሣር ሜዳ፣ የተራቆተ ደን አይደለም። ሣሩ ራሱ ትልቅ ሥራ አለው፤ የዝናቡን ጠብታ ተቀብሎ ኃይሉን ይሰብራል፤ ሥሩም አፈሩን ሰንጥቆ ውሃ ያስገባል። ስለዚህ አንድ በጎ አሳቢ ተነሥቶ "አልጣሽን ችግኝ እናልብሰው" ቢል እቃወማለሁ። ባሕር ዛፍ ከሆነማ ጭራሽ! ዛፍ ውሃ ይጠጣል፤ ቦታው የሚሸከመውን ያህል ዛፍ ራሱ ያበቅላል፤ ከእኛ የሚፈልገው እንድንተወው ነው።

ሰሊጥ አምራች (መተማ)

ጋሼ ስለ አፈሩ ያሉት እውነት ነው። እኔ ግን ስለ ሰው መናገር አለብኝ።

እዚህ መድረክ ላይ "ፓርኩ ተወረረ" የሚለውን ቃል ደጋግሜ አነባለሁ። ማን ወረረው? በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የሰፈራ ፕሮግራም ከደጋው መሬት ያጡ ቤተሰቦች ወደ መተማና ቋራ እንዲወርዱ ተደርገዋል። ወባውን፣ ሙቀቱን፣ የመንገዱን ችግር ችለው ነው አገር ያቀኑት። ልጆቻቸው ዛሬ ጎልማሶች ናቸው፤ መሬት ይፈልጋሉ። በየዓመቱ ደግሞ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋው የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ቁጥር ሥፍር የለውም። ከእነዚህ መካከል አንዳንዱ እዚያው ይቀራል። ሰሊጥና ጥጥ ለአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ያስገባሉ፤ ይህን የሚያመርተው እጅ መሬት ላይ ሳይቆም አይሠራም።

ስለዚህ "ውሃውን እንጠብቅ" ስትሉ ማን ነው ዋጋውን የሚከፍለው? ገበሬው ከወንዙ ዳር 50 ሜትር ተወው ቢባል የተወው መሬት ምን ይተካለታል? ሕጉ ከትልልቁ ማሳ ይጀምር። በትራክተር እስከ ወንዙ አፋፍ ድረስ የሚታረሱ ሰፋፊ ማሳዎች አሉ፤ ዋልካው በክረምት ከእነርሱ ላይ ነው እየተጠረገ የሚሄደው። ሁለት ጥማድ ያለውን ሰው ከመቅጣት በፊት እነርሱን ጠይቁ። ትልቁ ከተጠየቀ ትንሹ ይከተላል፤ እኔ የምኖረው ከእነርሱ ጋር ስለሆነ አውቃለሁ።

ደልጊ

ወንድሜ፣ በዚህ እስማማለሁ። እኛም ላይ ያለነው እርከን ሥሩ ስንባል ለማን ብለን እንደምንሠራ ማንም አልነገረንም። የታችኛው ሰው ማን እንደሆነ ብናውቀው ይሻል ነበር።

ገለጉ ነዋሪ

እዚህ ገለጉ ከተማ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ስለ ደለሉም ስለ እርሻውም ተነግሯል፤ እኔ ስለ እሳቱ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም በእኔ ዕድሜ ከሁሉ ይልቅ ይህን ቆላ የለወጠው እሳት ነው።

በየዓመቱ ይቃጠላል። ማር ቆራጩ ንቡን ሊያጨስ ይለኩሳል። ከብት ያለው ለምለም ሣር እንዲያቆጠቁጥለት ይለኩሳል። ገበሬው አዲስ ማሳ ሊያጸዳ፣ አዳኙ አውሬ ሊያስወጣ ይለኩሳል። በጋ ሲገባ ከሱዳን በኩል የሚሻገሩት ፈላታዎች ከብዙ ሺህ ከብት ጋር ይመጣሉ፤ ሣሩ ሲያልቅ ቅርንጫፍ እየቆረጡ ይቀልባሉ፤ የተቆረጠው ደርቆ መሬት ላይ ሲከመር ለሚቀጥለው እሳት ማገዶ ይሆናል። ይህን የምለው ሰውን ለመውቀስ አይደለም። ፈላታም ከብቱ እንዳይሞትበት ነው የሚንከራተተው፤ መንገዱም ከእኛ አባቶች ዘመን የቆየ ነው።

ልዩነቱ ያለው ወሩ ላይ ነው። የጉሙዝ ሽማግሌዎች የሚያቃጥሉበትን ጊዜ ያውቁ ነበር። ኅዳር ላይ የሣሩ ጫፍ ደርቆ ሥሩ ገና እርጥብ ነው፤ ሌሊት ጤዛ አለ። ያኔ የተለኮሰ እሳት ዝቅ ብሎ ይሄዳል፤ እርጥብ ቦታ ሲያገኝ ይቆማል፤ ሲመሽ ይጠፋል። አንዱ ቦታ ይቃጠላል፤ ሌላው ይቀራል። የካቲትና መጋቢት ላይ የተለኮሰ ግን ሌላ ነው። ነፋስ አለው፤ ሣሩ ከሰው በላይ ቆሞ ደርቋል፤ ነበልባሉ የዛፉን ጫፍ ይይዛል። ችግኝ አይተርፍም። ወንዝ ዳር ያለው የኩመር ዛፍ ሳይቀር ሲነድ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ መሬቱ ራቁቱን ሆኖ የግንቦትን የመጀመሪያ ዶፍ ይጠብቃል። ጋሼ ስለ ጭቃው የተናገሩት እዚህ ላይ ይመጣል፤ የመጀመሪያው ጎርፍ አመድና አፈር ቀላቅሎ ጥቁር ሆኖ ነው የሚወርደው።

የፓርኩ ስካውቶች (ጠባቂዎች) ጥቂት ናቸው፤ በእግራቸው ነው የሚዞሩት፤ ክረምት ላይ መንገዱ ይቆረጣል። እነዚህን ሰዎች እሳት አጥፉ ማለት አይቻልም፤ በ2,665 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ የሚነድ እሳት በቅጠል ተመትቶ አይጠፋም።

ማራኪ

የአካባቢ ጥበቃ ተማሪ ነኝ። የገለጉ ወንድማችን የጻፈውን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። አንድ ነገር ግን ይከብደኛል፤ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሆን ብሎ እሳት መለኮስ ይፈቀዳል? በክፍል ውስጥ የተማርነው እሳት ጠላት እንደሆነ ነው።

ጡረተኛው መሐንዲስ

በብዙ የአፍሪካ የሳቫና ፓርኮች በበጋው መጀመሪያ በዕቅድ ማቃጠል የታወቀ የአስተዳደር ሥራ ነው። ዓላማው ማገዶውን በመቆራረጥ የመጋቢቱን ሰደድ እሳት መንገድ ማሳጣት ነው። በፊት የተቃጠለው ቁራሽ መሬት ለኋለኛው እሳት ድንበር ይሆናል። ነገር ግን የወንዝ ዳር ደን በምንም ወር መቃጠል የለበትም፤ እዚያ በሁለቱም በኩል የእሳት መከላከያ መስመር ያስፈልጋል። መስመሩ ደግሞ በየዓመቱ ክረምቱ እንደወጣ መመንጠር አለበት፤ አንድ ዓመት ከተተወ ዋጋ የለውም።

ዋልያ መቀር

ስሜን የወሰድሁት ከእጣን ዛፉ ነው፤ ቤተሰቤ ከእርሱ ኖሯል። ስለ እሳቱ ገለጉ ያለው ሁሉ በእጣኑ ላይ ይታያል። ቁሙ ጫካ አለ፤ ትልልቁ ዛፍ ቆሟል፤ ከሥሩ ግን ልጅ የለም። ቅርፊቱ በየበጋው ያለ ዕረፍት ይፋቃል፤ ሣሩ ይቃጠላል፤ የበቀለችውን ቡቃያ ከብት ይበላታል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት በዚህ አያያዝ የዚህ ዛፍ የእጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አሳይቷል፤ ከተጠኑት ቦታዎች አብዛኞቹ ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት አዲስ ዛፍ አልተተካም። በቤተ ክርስቲያን የሚታጠነው፣ በየቤታችን ከቡና ጋር የሚጨሰው ይኸው ነው።

እጣን ዛፍ ድንጋያማ ተዳፋት ላይ፣ ሌላ ዛፍ በማይቆምበት ቦታ ይቆማል። እርሱ ሲሄድ የዚያ ተዳፋት አፈር ወዴት እንደሚሄድ እናንተ ነግራችሁኛል። መፍትሔውም ሩቅ አይደለም፤ ዛፉን ለተወሰኑ ዓመታት ማሳረፍ፣ ቦታውን ከከብት መከለል። የማኅበረ ሥላሴ ገዳም ደን እስከ ዛሬ የቆየው የሚጠብቀው ባለቤት ስላለው ነው። የቀበሌ ማኅበራትም ባለቤት ከሆኑ ይጠብቁታል።

ከገዳሪፍ የተመለስሁ

ሱዳን ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሠርቻለሁ፤ ዲንደርን አውቀዋለሁ። በ1935 እ.ኤ.አ. የተከለለ፣ ወደ 10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ትልቅ ፓርክ ነው። በዚያው አቆጣጠር በ1979 የዩኔስኮ ባዮስፌር፣ በ2005 ደግሞ በራምሳር ዓለም አቀፍ ስምምነት የተመዘገበ ረግረጋማ ስፍራ ሆኗል። ረግረግ የሚባሉት "ማያ" ናቸው። ወንዙ በሜዳው ላይ እየተጠማዘዘ ሲሄድ አሮጌ ጥምዝምዙን ቆርጦ ይተወዋል፤ ያ የተተወው ጎድጓዳ በክረምት ጎርፍ ይሞላና በበጋ የአውሬው ሁሉ መጠጫና ግጦሽ ይሆናል። ጎርፉ ካልሞላቸው ወይም ደለል ከሞላቸው በበጋ እንስሳቱ የሚጠጉበት የለም።

የዲንደር አውሬ በክረምት ውሃው ሲያጥለቀልቅ ወደ ኢትዮጵያ በኩል፣ ከፍ ወዳለው መሬት ይወጣል፤ በበጋ ተመልሶ ወደ ማያዎቹ ይወርዳል። ስለዚህ አልጣሽና ዲንደር አንድ ቤት ናቸው፤ ክረምቱ እኛ ጋ፣ በጋው እነርሱ ጋ። ገለጉ ወንዝ ራሱ ከዲንደር ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ የሱዳኖቹ የፓርክ ካምፕ አለ፤ ስሙም ገለጉ ነው።

ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በዚያ በኩል ያለው ጥበቃ ምን ላይ እንደደረሰ ሳስብ ልቤ ይደማል። በመተማ በኩል የገባውን ስደተኛ ሁላችሁም አይታችኋል። በእኛም በኩል ሰላም ጎድሎ ቆይቷል። ጠብመንጃ በበዛበት ቆላ የአውሬ ሥጋ ርካሽ ይሆናል። ከዚህ የተነሣ የምለው፣ በዚህ ጊዜ ለእነዚያ እንስሳት የቀረው ማረፊያ የእኛው ጎን ሊሆን ይችላል፤ ኃላፊነቱ በእጥፍ ጨምሯል።

ሰሊጥ አምራች (መተማ)

ከገዳሪፍ የተመለሱት ወንድሜ የጻፉትን ካነበብሁ በኋላ አንድ ሐሳብ ልጨምር። ስካውት ሲቀጠር ከሰፈራ ቀበሌዎቹና ከጉሙዝ መንደሮች ይቀጠር። ደመወዙ ለአንድ ቤተሰብ ቢሆንም፣ ያ ቤተሰብ ሃያ ቤተሰብ ያሳምናል። የእሳት መከላከያ መስመሩን ምንጣሮም ለወጣቶች ይስጡት፤ ክፍያው ከጥቅምት አጨዳ በኋላ ሥራ ለሚፈታው ልጅ ይደርሳል። ኅዳር ላይ ሥራ የለም፤ ኅዳር ላይ ደግሞ እሳቱ መቀደም አለበት ተብሏል። ጊዜው ገጠመ።

የአዘዞዋ

ይህን ያህል አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅሁም፤ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የኅዳሩን ምንጣሮ ሐሳብ በተለይ ወድጄዋለሁ፤ ውሃውን፣ እሳቱንና ሥራ አጥነቱን በአንድ ጊዜ ይነካል።

ሐሳቤን ላጥብበው። የፓርኩ ወሰን የሚጀምረው ወንዙ ከምንጩ ወርዶ መንገድ ካጋመሰ በኋላ ነው፤ ምንጩ ከወሰኑ ውጭ፣ እነ ደልጊ ጋ ነው። ስለዚህ አልጣሽን የሚመለከት ማንኛውም የአስተዳደር ዕቅድ አለፋንና ጣቁሳን ካልጨመረ ጎደሎ ነው። የጣና ባዮስፌር አሠራር፣ ማለትም ጥብቅ እምብርት፣ ከእርሱ ውጭ መሸጋገሪያ፣ ከዚያ ሰው የሚኖርበትና የሚያርስበት ክልል፣ ወደ ምዕራብም ሊዘረጋ ይችላል። ሰው ሳይፈናቀል የሚሠራ አሠራር ነው። እዚህ ዩኒቨርሲቲ ካሉ ጓደኞቼ ጋር ይህን በጽሑፍ አዘጋጅተን ለሚመለከታቸው ቢሮዎች ለማቅረብ አስበናል። ጋሼ፣ ከየት እንጀምር? መለኪያ ሳይኖረን ብንናገር ማን ይሰማናል?

ጡረተኛው መሐንዲስ

ከድልድዮቹ ጀምሩ። ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በየወንዙ ማቋረጫ ላይ የተሰመረ የብረት ሜትር አቁሙና ከሰኔ እስከ ኅዳር በየቀኑ ጠዋትና ማታ የውሃው ከፍታ ይመዝገብ። ከጎኑ በጠርሙስ ናሙና ይቀዳ፤ ሲዘቅጥ ያለው ጭቃ ደርቆ ይመዘን። በበጋ ደግሞ የኩሬዎቹን ጥልቀት በየወሩ በእንጨት ለኩ፤ መቼ እንደደረቁ ቀኑን ጻፉ። አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ በሚገባ ይሠራዋል። ሦስት ክረምት ከተመዘገበ በኋላ ማንም ባለሥልጣን ፊት ብትቀርቢ ወረቀትሽ ይናገራል። የምዝገባውን ቅጽ እኔ አዘጋጅላችኋለሁ።

ገለጉ ነዋሪ

በዚህ በኩል ለመለካት ፈቃደኛ የሆኑ መምህራንን አነጋግራለሁ። እህቴ፣ መምጣት የምታስቡ ከሆነ ግን ጸጥታውን አስቀድማችሁ አጣሩ፤ ክረምት ላይም አትነሡ። ከገንዳ ውሃ በሽንፋ በኩል ያለው መንገድ ዝናቡ ከያዘው መኪና አያሳልፍም። ጥሩው ጊዜ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር ነው። ስትመጡ በመጀመሪያ የጉሙዝ ሽማግሌዎችን አነጋግሩ፤ የትኛው ኩሬ እስከ ግንቦት ይቆይ እንደነበረ፣ የትኛው መቼ መድረቅ እንደጀመረ በቃላቸው ያውቃሉ። መለኪያው ብረት የሚቆምበትንም ቦታ የሚያሳዩአችሁ እነርሱ ናቸው።

ደልጊ

ከላይ በኩል ያለውን እኔ እይዛለሁ። ጋሼ፣ ቅጹን ሲጨርሱ እዚሁ ይለጥፉልን፤ የእኛ ወንዝ ክረምት ላይ በሰዓታት ውስጥ ሞልቶ በሰዓታት ውስጥ ስለሚጎድል፣ ጠዋትና ማታ ብቻ መለካቱ ይበቃል ወይስ ጎርፍ ሲመጣ ለብቻው እንመዝግብ?

ጡረተኛው መሐንዲስ

ጎርፍ ሲመጣ በየግማሽ ሰዓቱ መዝግቡ፤ ናሙናውም ያኔ ይቀዳ። ከዓመቱ አፈር አብዛኛው የሚሄደው በእነዚያ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው። ለዚህ የተለየ ገጽ እጨምርበታለሁ።